የአረፋ ዓምድና የትነት ዋጋ



በጠረጴዛው ላይ የምታዩት የመስታወት ቱቦ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ነው። ከታች ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሳህን ተገጥሞለታል፤ ከሳህኑ ሥር የዓሣ ማርቢያ ገንዳ የአየር ፓምፕ ይነፋል። አየሩ በቀዳዳዎቹ ተበጣጥሶ አረፋ እየሆነ በውሃው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። የአረፋ ዓምድ የምንለው በመሠረቱ ይኸው ነው። በኬሚካል ፋብሪካዎች ጋዝና ፈሳሽ ለማገናኘት ሲያገለግል ኖሯል፤ ዛሬ የምናገረው ግን ውሃን ሳያፈሉ ስለ ማትነን ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በአንድ ብልሽት ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ጨዋማ ውሃ አፍልቶ ንጹሕ ውሃ የሚሰጥ መሣሪያ ሠርተን ነበር። ብዙ ሳይቆይ ማሞቂያው በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናውቀውን ዓይነት ነጭ ቅርፊት ለበሰ። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍምና ማሞቂያው ተቃጠለ። ጥፋቱ የንድፌ ነበር፤ ትነቱ በጋለው ብረት ላይ እንዲካሄድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በአረፋ ዓምድ ግን ውሃው የሚተነው በአረፋው ገጽ ላይ፣ ወደ አረፋው ውስጥ ነው። አንድ ሊትር አየር 2 ሚሊሜትር ስፋት ወዳላቸው አረፋዎች ቢከፋፈል የገጻቸው ድምር 3 ካሬ ሜትር ይሆናል። አረፋዎቹ 2 ሴንቲሜትር ቢሆኑ ግን ስፋቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ትንሹ አረፋ ይህን ቱቦ ለመውጣት ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሊሸከም የሚችለውን ተን ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይሞላል። ስለዚህ ዓምዱን ማስረዘም ፓምፑን ከማድከም በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ያልጠበቅነውን ውለታ ትውልልናለች። በቧንቧ ውሃ ውስጥ አረፋዎች ሲጋጩ ይዋሃዱና ይተልቃሉ። አሁን በሊትር ከ10 ግራም በላይ እንዲሆን የገበታ ጨው እጨምራለሁ፤ ተመልከቱ፤ ውሃው እንደ ወተት ነጣ። አረፋዎቹ መዋሃዳቸውን ትተዋል። ክሬግ፣ ኒንሃምና ፓሽሊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 በሰፊው አጥንተውታል፤ ፓሽሊም ኋላ ላይ የአረፋ ዓምድን ለትነት አውሎታል። አንዳንዱ ጨው ይህን ሲያደርግ ሌላው ለምን እንደማያደርግ የተሟላ ስምምነት የለም። ለመሐንዲሱ ግን መልካም ዜና ነው፤ ሊያጸዳው የፈለገው ጨዋማ ውሃ ራሱ አረፋዎቹን ያሳንስለታል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ይህ ፓምፕ በደቂቃ 4 ሊትር አየር ይነፋል እንበል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚሸከመው ተን 17 ግራም ገደማ ነው። አየሩ ፍጹም ደረቅ ሆኖ ቢገባ እንኳ በቀን የምናገኘው 100 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ነው። እውነቱ ከዚያም ያንሳል፤ ቱቦውን ብትነኩት ቀዝቅዟል። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ከቀሪው ይወስዳል።

በ70 ዲግሪ ያው አየር ከ11 እጥፍ በላይ ተን ይሸከማል፤ ይህን ያህል ሙቀት ደግሞ ከፀሐይ ማግኘት ይቻላል። ሆኖም አንድ ኪሎግራም ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው 2.4 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት በአረፋ ስለተነነ አይቀርም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። በዚያ በርካታ ጉድጓዶች የፍሎራይዳቸው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበልጣል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲከፋም አጥንት ይጎዳል። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ከታች ስለሚቀር ዘዴው ይሠራል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 5 ሊትር ለመጠጥና ለምግብ ብንመድብ፣ ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት 72 ሜጋጁል ያስፈልጋል። በቀን በካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ አግኝተን ግማሹን ብንይዝ፣ 8 ካሬ ሜትር የፀሐይ ማሞቂያ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ወጪ ለአንድ ገበሬ ቤት አልመክርም።

መውጫው ሙቀቱን ማስመለስ ነው። ተኑ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የወሰደውን ሙቀት ይለቃል። አስቸጋሪው ነገር፣ ከአየር ጋር የተደባለቀ ተን በቀዝቃዛ ብረት ላይ ቀስ ብሎ ብቻ ውሃ መሆኑ ነው፤ አየሩ እንደ ብርድ ልብስ ብረቱን ይሸፍነዋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጆን ሊንሃርድ ቡድን እርጥቡን ሞቃት አየር በሁለተኛ የአረፋ ዓምድ፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳለፈው። ሰፊውን ገጽ ውድ ብረት ሳይሆን አረፋው ራሱ ይሰጣል፤ የተለቀቀውም ሙቀት የሚገባውን ጨዋማ ውሃ ያሞቃል።

ቅርፊቱም ቢሆን ፈጽሞ አይጠፋም፤ ውሃው እየጠነከረ ሲሄድ የሳህኑን ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል። ሁለተኛውን ዓምድ ከተማሪዎቼ ጋር በዚህ ዓመት እንሠራለን። አስቀድመን የምንለካው የውሃውን ብዛት ሳይሆን ከሰጠነው ሙቀት ስንት እንደተመለሰ ነው። ቁጥሩን ይዘን እዚሁ እንገናኛለን፤ አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።