ስለ ሌላው መድከም ከወዴት መጣ
በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ከኔ የሚበልጡ አባቶች ስለ ተናገሩ፥ እኔ ከተፈጥሮ ምርመራ አንድ ጥያቄ ብቻ አንሥቼ ጥቂት እንድናገር ታዝዣለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ፍጥረት ሁሉ ለራሱ ኑሮ የሚታገል ከሆነ፥ ስለ ሌላው ብሎ ራሱን የሚጐዳ ከወዴት ተገኘ?

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ከማምጣት ይልቅ በእጃችን ከያዝነው ጧፍ እንጀምር። የጧፉን ሰም ያወጣችው ሠራተኛ ንብ ናት። ሥራ በሚበዛበት ወራት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያኽል ነው። በዚህች አጭር ዕድሜዋ የአውራይቱን ልጆች ታሳድጋለች እንጂ እርሷ ራሷ አብዛኛውን ጊዜ አትወልድም። ሰው ወይም አውሬ ቀፎውን ሊዘርፍ ሲመጣ ትነድፈዋለች፤ መንደፊያዋም እንደ መንጠቆ ጥርስ ያለው ስለ ሆነ በቆዳው ውስጥ ተተክሎ ይቀራል፥ የሆድ ዕቃዋንም ጐትቶ ስለሚያስቀር እርሷ ትሞታለች። ማር ሲቈረጥ የቆመ ሰው ይህን አይቶታል፤ ስለ መነደፉ እንጂ ስለ ንቢቱ መሞት ያዘነ ግን ጥቂት ነው።

ቻርልስ ዳርዊን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እናገራለሁ) ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ችግር አልሸሸገም። እንደ ጉንዳንና እንደ ንብ ያሉት የማይወልዱ ሠራተኞች መጀመሪያ ሐሳቡን በሙሉ የሚያፈርሱበት መስለውት እንደ ነበረ በግልጽ ጻፈ። የማይወልድ ፍጥረት ጠባዩን ለማን ያወርሳል? ዳርዊን መልሱን በቤተሰብ ውስጥ ፈለገው። በ1871 ደግሞ ስለ ሰው በጻፈ ጊዜ ሌላ ችግር አገኘ፤ ይኸውም እርስ በርሱ የሚረዳዳ ነገድ ሌላውን ነገድ ያሸንፋል፥ ነገር ግን በዚያው ነገድ ውስጥ ስለ ወገኑ ቀድሞ የሚሞተው ጀግና ዘር ሳይተካ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ዘጠና ዓመት ያኽል ካለፈ በኋላ፥ በ1964፥ ዊልያም ሃሚልተን የተባለ በእንግሊዝ አገር የተማረ ወጣት ነገሩን በሒሳብ ገለጠው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ከወላጆቻቸው የወረሱት ዘር በአማካይ ግማሹ አንድ ነው፤ የአክስትና የአጎት ልጆች ግን የሚጋሩት ከስምንት አንዱን እጅ ነው። እንግዲህ ወንድሙን ያዳነ ሰው ከራሱ ዘር ከፊሉን አድኗል። የረጂው ጉዳት፥ የተረጂው ጥቅም በዝምድናው ልክ ሲመዘን ከሚገኘው ያነሰ እንደ ሆነ፥ የመርዳት ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይበዛል። ንቢቱ ይህን ሒሳብ አታውቅም፤ ሒሳቡ የተሠራው ከብዙ ትውልድ በፊት ጀምሮ፥ ማንም ሳይቈጥር ነው።

ዘመድ ላልሆነውስ? ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 ውለታ መመላለስ ይበቃል ሲል መለሰ። በ1984 ጀራልድ ዊልኪንሰን በኮስታ ሪካ ስላሉት ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ያሳተመው ጽሑፍ ይህን ይደግፋል። እነዚህ ፍጥረቶች ሁለት ሦስት ሌሊት ምግብ ካጡ ይሞታሉ፤ የጠገበችው ግን ለተራበችው ጓደኛዋ ከጠጣችው ደም ከአፏ መልሳ ታካፍላታለች፥ የምታካፍላትም ሁልጊዜ ዘመዷን አይደለም። የኛ ገበሬ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ደቦ ወጥቶ የሰው እርሻ ያጨደ ሰው፥ የራሱ አዝመራ በደረሰ ቀን ጎረቤቱን ይጠብቃል።

ነገር ግን መሽቶበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ለሚለው መንገደኛ በሩን የሚከፍት ባለቤት የሚያገኘው ምንድር ነው? ያ ሰው ዘመዱ አይደለም፤ በነጋው ይሄዳል፥ ውለታውንም የሚመልስበት ጊዜ ምናልባት ከቶ አይመጣም። ለዚህ አንዳንዶቹ ሊቃውንት መልካም ስም ማትረፍን ምክንያት ያደርጋሉ፤ ሌሎቹም የጥንት ሰው ከሚያውቃቸው ጋር ብቻ ይኖር ስለ ነበረ ለወገኑ የተሰጠው ርኅራኄ ወደ ባዕድም ፈሰሰ ይላሉ። ሁለቱም ጥቂት እውነት አለባቸው፥ ነገሩን ግን ጨርሰው የያዙት አይመስለኝም። ቋንቋችንን ተመልከቱ፤ በዚህች ደጀ ሰላም የሚቀመጠውን ለማኝ «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ዘመድ ያልሆነውን ሰው አንድ ቃል ዘመድ ያደርገዋል፤ ይህን ንብ አታደርገውም።

አንዳንድ አባቶች ይህ ምርመራ ፍቅርን ወደ ሒሳብ ያወርዳል ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ጧፉ ከንብ ሰም መሠራቱን ማወቅ ብርሃኑን ይቀንሰዋል ብዬ አላምንም። ሆኖም ኀዘናቸውን አልንቅም፤ በዚሁ ሐሳብ ሕይወቱ የታወከ አንድ ሊቅ ነበረና።

ጆርጅ ፕራይስ በ1922 በአሜሪካ አገር ተወልዶ የኬሚስትሪ ትምህርት ተምሮ ነበር። በ1967 ወደ ሎንዶን ሄደ፤ በዚያም የሃሚልተንን ጽሑፍ አንብቦ፥ ጠባይ ሁሉ በትውልድ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ እስከ ዛሬ ሊቃውንት የሚሠሩበትን ቀመር በ1970 አሳተመ። በዚያው ዓመት ከሃይማኖት ርቆ የኖረው ሰው ክርስቲያን ሆነ። ከዚያም ቤት የሌላቸውን ሰዎች፥ ሰካራሞቹንም ጭምር፥ ወደ ማደሪያው አስገባ፤ ገንዘቡንና ልብሱን ሰጠ፤ በመጨረሻም እርሱ ራሱ ማደሪያ አጣ። የሰጠው ቀመሩን በሥራው ለማስተባበል ነውን፥ ወይስ ስላመነ ብቻ? ይህን ከርሱ በቀር ማን ያውቃል። መስጠቱን አከብራለሁ፤ ለራሱ ግን የሚያሳዝንለት ሰው አላስቀረም፥ እርሱም ለራሱ አላዘነም። በጥር 1975፥ በ52 ዓመቱ፥ ብዙ ታሞና ተስፋ ቈርጦ በገዛ እጁ ሞተ።

ለቀብሩ የመጡት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ከነርሱም ውስጥ ሃሚልተንና ጆን ሜይናርድ ስሚዝ የተባሉት ሁለቱ የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ፤ ከነርሱም ጋር ፕራይስ የረዳቸው ቤት አልባ ሰዎች ቆመው ነበር።