«ፎር ዊል» መኪና በኩርባ ላይ ለምን ይንዘፈዘፋል? የላስታ መንገዶች ለባለሙያው የሚያቀርቡት ጥያቄ



በላስታ ደጋ የሚመላለስ አሽከርካሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መኪናው በአራቱም ጎማዎቹ ኃይል ጭቃውን በደኅና ተሻግሮ ደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ በጠባብ ኩርባ ላይ መሪው ይከብዳል፤ ወለሉ ይንዘፈዘፋል፤ ከሥር የሚንቋቋ ድምፅ ይሰማል፤ መኪናው ፍሬን እንደ ተያዘበት ያህል ወደ ኋላ ይጎተታል። ይህን ሁኔታ አንዱ አሽከርካሪ «መኪናው ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ሌላው «የፎር ዊል ጠባይ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ሁለቱም አስተሳሰቦች ጉዳት አላቸው። የመጀመሪያው ባለንብረቱን ለማያስፈልግ ወጪ ይዳርጋል። ሁለተኛው ሴሚያስ ያሰብራል፤ አልፎም በገደል አፋፍ ላይ የተሳፋሪዎችን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ መንዘፍዘፉ ከምን እንደሚመጣ በትክክል ማወቅና ለአሽከርካሪው ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው።

የነገሩ መነሻ ጂኦሜትሪ ነው። መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ አራቱ ጎማዎች አራት ልዩ ልዩ ክቦችን ይሠራሉ። የውጩ ከውስጡ፣ የፊተኛውም ከኋለኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። ለምሳሌ ከፊት ጎማዎቹ እስከ ኋላ ጎማዎቹ 3 ሜትር ርዝመት ያለው መኪና ይወሰድ። የኋላ ጎማዎቹ ከክቡ ማእከል በአማካይ 8 ሜትር ርቀው ግማሽ ክብ በሆነ ኩርባ ላይ ቢታጠፉ፣ እነርሱ 25.1 ሜትር ሲጓዙ የፊተኞቹ 26.8 ሜትር ይጓዛሉ። ልዩነቱ 1.7 ሜትር ነው። የጎማው ዙሪያ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ 0.7 ዙር በልጠው መዞር አለባቸው ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ንጽጽር 4.1 ለ1 ከሆነ ደግሞ፣ ወደ ፊት ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ወደ ኋላ ከሚያስተላልፈው 3 ዙር ያህል በልጦ መዞር ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ኩርባ ብቻ ነው።

ሁለቱ ዘንጎች እርስ በርሳቸው ከተቈለፉ ግን ይህ ልዩነት መውጫ የለውም። ዘንጎቹ እንደ ገመድ ይከረራሉ፤ ማርሾቹ ይጣበቃሉ። ውጥረቱ ከመንገዱ ሰበቃ በበለጠ ጊዜ ከጎማዎቹ አንዱ ይንሸራተታል፤ ውጥረቱም ይላላል፤ ወዲያውም እንደ ገና ይከረራል። ይህ መክረርና መላላት በፍጥነት ሲደጋገም ተሳፋሪው የሚሰማው መንዘፍዘፍ ይሆናል። የኋላው ዲፈረንሻል ጭምር ሲቈለፍ ነገሩ ይብሳል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል 1.5 ሜትር ስፋት ካለ፣ ኩርባው ሰፊም ይሁን ጠባብ፣ በግማሽ ክብ ላይ የውጩ ጎማ ከውስጡ 4.7 ሜትር አብልጦ ይጓዛልና።

በጭቃ፣ በአሸዋና በላላ ጠጠር ላይም ይኸው ልዩነት አለ። ነገር ግን በዚያ መሬቱ ራሱ የዲፈረንሻልን ሥራ ይሠራል፤ ጎማው በቀላሉ እየተንሸራተተ ውጥረቱን ይለቃል። አሽከርካሪው ምንም የማይሰማው ስለዚህ ነው።

የመኪና ሠሪዎች ታሪክ ለዚህ ልዩነት መውጫ የመፈለግ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ላንድ ሮቨር አራቱም ጎማዎቹ ዘወትር የሚነዱ ሲሆን፣ የፊቶቹ በኩርባ ላይ ቀድመው እንዲዞሩ የሚለቅ መሣሪያ ነበረው። ይህ ብዙ ሳይቆይ ቀርቶ፣ አሽከርካሪው የፊቱን ኃይል እንደ አስፈላጊነቱ በማንሻ የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ዘዴ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ደግሞ በፊትና በኋላ መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ይዞ መጣ።

ዛሬ በላስታ መንገዶች ላይ የሚታዩት መኪናዎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። በመጀመሪያው ክፍል ያሉት መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌላቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ምርትና አብዛኞቹ የሃይሉክስ ፒክ አፖች ከዚህ ይመደባሉ። በእነዚህ ላይ በደረቅ መንገድ መንዘፍዘፍ የሚጠበቅ እንጂ ብልሽት አይደለም። በሁለተኛው ክፍል እንደ ላንድ ሮቨር ዲፌንደርና እንደ ላዳ ኒቫ ያሉት መካከለኛ ዲፈረንሻል ያላቸው ይገኛሉ፤ የሚንዘፈዘፉት ያ ዲፈረንሻል ሲቈለፍ ነው። ሦስተኛው ክፍል ኮምፒዩተር በሚቈጣጠረው ፍሪሲዮን አማካይነት ኃይልን የሚያከፋፍሉ ቀለል ያሉ የከተማ መኪናዎች ናቸው። በእነዚህ ላይ «በረዶ» ወይም «ጭቃ» የሚል ምልክት ያለው ቁልፍ ሲጫን፣ ኮምፒዩተሩ ፍሪሲዮኑን አስቀድሞ አጥብቆ ይይዛል። ዘይቱ ካረጀ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ዝርግ ብረቶች በለስላሳው መንሸራተት ሲገባቸው እየተጣበቁ ይለቀቃሉ። እንዲህ ያለው መንዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ባዘዘው ዓይነት ዘይት ሲለወጥ ይጠፋል።

ላስታ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ፈተና የሚሆነው የመንገዱ ገጽ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው። ከወልድያ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና ወጥቶ ወደ ላሊበላ የሚወርድ፣ ወይም ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚጓዝ አሽከርካሪ፣ በተለይ በክረምት፣ ጭቃ፣ ጠጠርና ገላጣ ዐለት በአጭር ርቀት ይፈራረቁበታል። ታኅሣሥ 29 ቀን ለገና በዓል ምእመናን ወደ ላሊበላ በሚጎርፉበት ወቅት ደግሞ መንገዱ ደረቅ፣ መኪናውም በሰው የተሞላ ነው። ክብደት በበዛ መጠን ጎማው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ መንሸራተት ስለሚሳነውም ውጥረቱ ወደ ማርሾቹና ወደ ሴሚያሶቹ ይዞራል።

ከስብራቱ ይልቅ የሚያሰጋው ግን በመሪው ላይ የሚደርሰው ነው። አንድ ጎማ ከመሬት ጋር ያለው ሰበቃ የተወሰነ ነው፤ ያም ለመሳብም ለመታጠፍም ይካፈላል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ውጥረት ሰበቃውን ከጨረሰው፣ ለመታጠፍ የሚቀረው ትንሽ ነው። የፊት ጎማዎች ምንም እንኳ ቢጠመዘዙ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ኩርባው ውጭ መግፋት ይጀምራል፤ በላስታም የኩርባው ውጭ ብዙ ጊዜ ገደል ነው። በሌላ በኩል መንዘፍዘፉን ፈርቶ በጭቃማ ቍልቍለት ላይ የፊቱን ኃይል የሚያወጣ አሽከርካሪ፣ ሞተሩ በአራቱ ጎማዎች ተካፍሎ የሚሰጠውን የመግታት ኃይል በሁለት ጎማዎች ላይ ብቻ ይጥለዋል። እንግዲህ «ሁልጊዜ አስገባ» ወይም «ሁልጊዜ አውጣ» የሚል ደንብ አይሠራም። የሚሠራው ደንብ መሬቱ ውጥረቱን መልቀቅ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ መጠየቅ ነው።

በጋራዥ ውስጥ ያለው ባለሙያም የራሱ ጥያቄዎች አሉት። የፊቱ ኃይል ሲወጣ መንዘፍዘፉ ወዲያው ከቆመ ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው ውጥረት ነው። ማንሻው አልወጣ ብሎ ከተጣበቀ፣ ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ብዙውን ጊዜ ያላላዋል፤ በጉልበት መጎተት አያስፈልግም። በሁለት ጎማ ኃይልም፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር መሪው የሚርገበገብ ከሆነ ግን፣ የላሉ የመሪ መገጣጠሚያዎችን፣ ያረጁ ኩሽኔቶችንና የጎማ ሚዛንን መመርመር ይገባል።

ሳይታይ የሚታለፈው የጎማ ጉዳይ ነው። ጎማ ውድ በመሆኑ ባለንብረቶች ሁለት አዲስ ገዝተው ሁለቱን አሮጌዎች ይተዋሉ። ከመሐሉ እስከ መሬት 40 ሳንቲሜትር በሆነ ጎማ ላይ የ8 ሚሊሜትር መበላት በግምት 2 በመቶ ልዩነት ያመጣል፤ ይኸውም በየኪሎሜትሩ 20 ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ያለው መኪና የፊቱ ኃይል ከገባ በቀጥታ መንገድ ላይም እንኳ ሲከረር ይውላል። ስለዚህ ማርሽ ከመፈታቱ በፊት የአራቱን ጎማዎች ዙሪያ በሜትር መለካት ይቅደም። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

በመጨረሻም፣ የጋራዥ ባለሙያ መኪናውን ሲያስረክብ የሚናገራት አንዲት አጭር ማስረጃ ከብዙ ጥገና ትበልጣለች። መንዘፍዘፍ መኪናው «ልዩነቱን የማስወጣበት ስፍራ አጣሁ» ብሎ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ያንን ቋንቋ የተማረ አሽከርካሪ በጭቃው ላይ የፊቱን ኃይል ያስገባል፤ ጠንካራው መንገድ ሲጀምር፣ ኩርባው ሳይደርስ ያወጣዋል። ያልተማረው ግን ትምህርቱን የሚያገኘው ከገደሉ አፋፍ ነው። ያ ትምህርት በጋራዡ ደጃፍ፣ በጊዜው እንዲሰጥ ማድረግ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሁሉ ኃላፊነት ነው።