ጅብን በድምፅ ስለ መጥራት፤ የጥሪው ምርጫና የአጠቃቀሙ ትምህርት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕፃረ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ መልኩን ደጋግሞ ለውጧል። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሂልተን ሆቴል ተከተለ፤ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ነባሩ መንደር በአብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወረ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ የሌሊት እንግዳ መንገዱን ሳይስት ኖሯል። ይኸውም በምሥራቅ በቀበና ወንዝ፣ በምዕራብ በባንተይቀጡ ሸለቆ ተከትሎ ከእንጦጦ ወገን የሚወርደው ጅብ ነው። ሥጋ ቤት ባለበት፣ የተጣለ አጥንት በማይጠፋበትና ቁጥቋጦ በሸፈነው የወንዝ ዳር ጅብ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ስንት እንደ ሆነ በወጉ ሳይቆጠር ስለ እርሱ ውሳኔ መሰጠቱ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ በሂልተን ሆቴል አቅራቢያ በአንድ ቀን አሥር ጅቦች በጥይት መገደላቸውን ዓለም አቀፍ የዜና ማሰራጫዎች ዘግበው ነበር። በመንገድ ዳር የሚያድሩ ድኾችና ሕፃናት በጅብ ይጠቁ ስለ ነበር፣ እርምጃው ያለ ምክንያት የተወሰደ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን አሥሩ ከሃያ ነበሩ ወይስ ከሁለት መቶ? ከሃያ ከሆነ መንጋው በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው፤ ከሁለት መቶ ከሆነ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ቦታው በሌሎች ይያዛል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ይመስላል። ጉዳት ከደረሰ በኋላ መተኮስ ይቻላል፤ ከመተኮስ በፊት መቁጠር ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው በድምፅ መጥራት ከዚህ ሙያ ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነው።

በድምፅ መጥራት መጀመሪያ የአዳኞች ጥበብ ነበር። በብዙ አገሮች አዳኝ የፍየል ግልገል አስሮ በማስጮኽ ነብርን ሲጠብቅ ኖሯል። ከዚያ በኋላ በአፍ የምትነፋ፣ በውስጧ ስስ ምላስ ያላት ፊሽካ መጣች። ምላሷ ተሸፍና የተሠራችው ፊሽካ አንድ ዐይነት ድምፅ ብቻ ስለምታወጣ ለጀማሪ ቀላል ናት፤ ነገር ግን የነፊው ትንፋሽ ያረጥባትና በሌሊት ብርድ ታፍናለች። ምላሷ ገልጦ የሚታየው ደግሞ በከንፈር ጫና ከጥንቸል ጩኸት እስከ ጥጃ እምቧታ ድረስ ትለዋወጣለች፤ ሆኖም እርሷን መልመድ ወራት ይፈልጋል። ዛሬ ድምፅ ቀድቶ በማጉያ የሚያሰማው መሣሪያ ሁለቱንም ወደ ጎን አድርጓቸዋል። መሣሪያው የተቀዳውን ሁሉ ያለ ድካም ስለሚደጋግም ነፊው ብዙ ዕውቀት የሚያሻው አይመስልም። ይህ ግን ስሕተት ነው። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ስለ ጥሪ የሚነገረው ሁሉ ቆጠራንና የተፈቀደ የመከላከል ሥራን የሚመለከት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ምን ዐይነት ድምፅ ይመረጥ የሚለው ነው። አንዱ ምድብ የታዳኝ እንስሳ የጭንቅ ጩኸት ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቆጠራዎች የጎሽ ጥጃና የመሰል ሣር በል እንስሳት ድምፅ ሲሠራበት ኖሯል። ለእኛ አገር ጅብ ግን የጎሽ ጥጃ ምኑ ነው? የአዲስ አበባ ጅብ ጎሽ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው አህያን፣ በግንና ፍየልን ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የድምፅ ክምችት እንዳለ መቀበል ሞኝነት ነው። ይህ ምድብ የተራበውን ሁሉ ይጠራል፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ ከጅብ በፊት የሚሰማው ውሻ ነው። አንድ ሰፈር ውሻ ከጮኸ በኋላ ጅብ ቢመጣም እየተጠነቀቀ ነው።

ሌላው ምድብ የጅቦች የእርስ በርስ ድምፅ ነው፤ ትምህርቱም በእርግጥ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ጅቦች በሬሳ ላይ ሲሻሙ የሚያሰሙት ጫጫታ «ምግብ አለ» የሚል መልእክት ስላለው ሩቅ ያለውን በፍጥነት ይስባል። ሰው «የጅብ ሳቅ» የሚለው ድምፅ ግን ሳቅ አይደለም። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይጠበቁ በነበሩ ጅቦች ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ዕድሜን፣ አለዋወጡ ደግሞ በመንጋው ውስጥ ያለውን ማዕረግ እንደሚገልጽ አሳይቷል። ይህን ድምፅ ለብቻው ማሰማት ትርፉ ትንሽ ነው፤ የሚሰማውም ቅርብ ላለ ብቻ ነው።

ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ የሚደጋገመው የሩቅ ጥሪ ሌላ ነገር ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። እያንዳንዱ ጅብ የራሱ የሆነ ጥሪ አለው፤ ጓደኞቹም በድምፁ ይለዩታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ማሳይ ማራ የታተመ ሙከራ ከዚህ የበለጠ ነገር አስተምሯል። ተመራማሪዎቹ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት እንግዳ ጅቦችን ጥሪ እየለዋወጡ ሲያሰሙ፣ ሰሚዎቹ የጠሪዎቹን ብዛት እንደሚለዩ፣ ከእንግዶቹ የበዙ ሲሆኑም የበለጠ እንደሚደፍሩ ታይቷል። ጅብ ይቆጥራል ማለት ነው። እንግዲህ ሦስት እንግዳ ድምፅ በማጉያ የለቀቀ ቆጣሪ፣ ሁለት ሆነው የሚሄዱትን ጅቦች ጠርቶአቸው ሳይሆን አባርሮአቸው ይሆናል። ባዶ ሌሊት አሳልፎም «በዚህ ሸለቆ ጅብ የለም» ብሎ ይጽፋል።

ስለ ጥሪ ሲነሣ ሐረርን ማለፍ አይቻልም። ከግንቡ ውጭ ጅብ በማብላት ስማቸው የታወቀው ዩሱፍ ሙሜ ሳሊህና ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው አባስ ጅቦቹን በስም እየጠሩና እያፏጩ ያመጡ ነበር፤ የሌሊቱ እንግዶችም ሥጋውን ከእጅና ከአፍ ይወስዳሉ። ይህን ያየ የውጭ ሰው ምሥጢሩን ከፉጨቱ ይፈልጋል። ምሥጢሩ ግን ያለው ከፉጨቱ በኋላ በሚመጣው ሥጋ ላይ ነው። የሐረሩ ጥሪ ዋሽቶ አያውቅም። የማጉያው ጥሪ ግን ሁልጊዜ ይዋሻል፤ ጥጃ የለም፣ ሬሳ የለም፣ መንጋ የለም። አንድ ጊዜ የተታለለ ጅብ በሁለተኛው ሌሊት ይዘገያል፤ በሦስተኛው ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቦታ በተከታታይ ሌሊቶች መጥራትና በየሌሊቱ የሚያንሰውን ቁጥር የጅቡ መቀነስ አድርጎ መውሰድ ከተለመዱት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

የአጠቃቀሙ ሥርዐት በአጭሩ እንዲህ ነው። ማጉያው ከመኪና ጣሪያ ላይ ይቆማል። ጅብ በቅርብ ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል ድምፁ ከዝቅታ ይጀመራል፤ ኋላ ከፍ ቢልም እንዳይሰነጠቅ ይጠበቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ለሰው ጆሮ ኃይለኛ ቢመስልም ሩቅ አይደርስም። አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ከተሰማ በኋላ እኩያው ጊዜ በጸጥታ ይጠበቃል፤ ማጉያው ዞሮ እንደ ገና ይደገማል። ነፋስ በበረታበት ወይም ዝናብ ባለበት ሌሊት ሥራው ይቀራል። ጅብ ነፋሱን ለማሽተት ዞሮ መምጣት ልማዱ ስለሆነ፣ መብራት የያዘው ሰው ዐይኑን የሚጥለው ድምፁ በተላከበት በኩል ብቻ ሳይሆን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነው። እንስሳው እየቀረበ ሲመጣ ድምፁ ይቆማል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደስታው አይሎበት ድምፁን ይጨምራል፤ ጅቡም ማጉያውን አይቶ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንት መጡ የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከምን ያህል ርቀት እንደመጡ መታወቅ አለበት። በማሳይ ማራና በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ይህን ለማወቅ የተሠራበት ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነው። አንድ ቡድን ያለበት ቦታ የታወቀ ጅብ እያየ ይቀመጣል፤ ሌላው ከተለካ ርቀት ጥሪውን ያሰማል፤ ተነሥቶ መሄዱና አለመሄዱ ይመዘገባል። በነዚያ ሜዳዎች ጥሪው የሚስበው ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለ ቦታ ነው። ይህ ልክ ለአዲስ አበባ ቢወሰድ ምን ይሆናል? ዘጠኝ ጅቦች መጡ እንበል። ጥሪው በ3 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ተሰምቷል ከተባለ ስፋቱ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ጅብ እንኳ ሙሉ አይደርስም። ፎቅ፣ ግንብና የመኪና ጩኸት ድምፁን ይዘውት ከ1 ኪሎ ሜትር ያላለፈ እንደ ሆነ ግን ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ሦስት ጅብ ይደርሳል ማለት ነው። የመጡት ጅቦች እነዚያው ሳሉ ውጤቱ በዘጠኝ እጥፍ ተለያየ። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በጠቅላላው 20 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ከሳቫና ሜዳ የተወሰደ ልክ እዚህ የማይሠራበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም።

ጊዜውም ይመረጣል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በትግራይ የጅብን ዐይነ ምድር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መርምረዋል። የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ የነበረው በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወርዷል። ሥጋ ቤቶች ለ55 ቀን ሲዘጉ የጅቡም ማዕድ ይለወጣል፤ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። እንግዲህ በሁዳዴ የተሰማ የአህያ ጩኸትና በፋሲካ ሳምንት የተሰማው አንድ ዐይነት መልስ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። በቄራ አካባቢ ያለው ጅብና በወንዝ ዳር ብቻ የሚኖረው ጅብም በአንድ ሚዛን አይለኩም። አምና በጥቅምት የተቆጠረውን ዘንድሮ በመጋቢት ከተቆጠረው ጋር አስተያይቶ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት የጾሙን ሥራ ለጅቡ መስጠት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቦታው ነው፤ እዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ሊሆን ይገባል። በካዛንቺስና በቂርቆስ መካከል ማጉያ አቁሞ ጅብ መጥራት አይገባም። የሚጠራው ጅብ ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ማጉያው የሚመጣው በባዶ ሜዳ አይደለም፤ በድልድይ ሥርና በአጥር ጥግ ላስቲክ ለብሶ በተኛ ሰው አጠገብ እያለፈ ነው። የተራበ እንስሳ በጥጃ ጩኸት ከተቀሰቀሰ በኋላ ጥጃውን ባያገኝ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ለቁጥር ተብሎ የአንድ ሰው ሕይወት ለአደጋ ሊጋለጥ አይችልም። ጥሪው ለእንጦጦ ተዳፋትና ለከተማይቱ ዳርቻ ይቆይ፤ እዚያም ቢሆን አስቀድሞ ለቀበሌው ነዋሪ ተነግሮ፣ እረኛና ከብት ከገቡ በኋላ ይሁን።

ለመካከለኛው ከተማ የሚሻለው ዘዴ ጆሮ መስጠት ነው። የሩቅ ጥሪው ከጅብ ጅብ ስለሚለይ፣ በቀበናና በባንተይቀጡ ዳር በሦስት ወይም በአራት ቦታ የድምፅ መቅጃ ቢተከል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሚቀዳው ድምፅ ቢያንስ ስንት የተለያዩ ጅቦች እንዳለፉ ይነግራል። ያልጮኸው ጅብ ስለማይቆጠር ቁጥሩ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ነገር ግን ቆጠራው በየዓመቱ በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት እስከተደገመ ድረስ ጉድለቱም አብሮ ስለሚደገም የዓመታቱ ንጽጽር ይሠራል። ሥራው የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው፤ በጸጥታ የተቀዳ የብዙ ሌሊት ድምፅ አንድ በአንድ ማዳመጥ ያሰለቻል። መቅጃዎቹ ሁዳዴ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት በፊት ተተክለው ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሳምንት ቢነሡ፣ ከትግራዩ ጥናት ጋር የሚነጻጸር የመጀመሪያ መዝገብ ለመክፈት ይበቃሉ።