የእድገት ፋክተርና ስትሮክ፦ መርፌው እስኪመጣ ምን እናድርግ?



የማኅበሩ ሥራ አመራር በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ሲጠይቀኝ ርዕሱንም አብሮ ሰጠኝ። ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስትሮክ ለመታው አንድ የባቻችን ልጅ «የአንጎል ሕዋስ ያሳድጋል» የተባለ የእድገት ፋክተር መርፌ ውጭ አገር ተገኝቷልና ገንዘብ እናዋጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ስሙን አልጠራም፤ እሱና ባለቤቱ ግን በግልጽ እንድናገር ፈቅደውልኛል። እኔ ከዚህ ግቢ በባዮሎጂ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ስትሮክ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ፣ ከአይጦች ጋር ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት እነዚህ ፋክተሮች ምን እንደሆኑ ላስረዳ። ሒሳብና ታሪክ ያጠናችሁም እንድትከተሉኝ ቀለል አድርጌ እሄዳለሁ።

ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ። «እደግ»፣ «ቅርንጫፍ አውጣ»፣ «አትሙት» የሚሉትን መልእክቶች የሚያደርሱት ፕሮቲኖች የእድገት ፋክተር ይባላሉ። የመጀመሪያውን የነርቭ እድገት ፋክተር ያገኘችው ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናት። አገራችንን የወረረው የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ አይሁዳውያንን ከዩኒቨርሲቲ ሲያባርር፣ እሷ መኝታ ክፍሏን ቤተ ሙከራ አደረገችው። የስፌት መርፌ እየሳለች የዶሮ ሽል ትመረምር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ሄዳ ከስታንሊ ኮኸን ጋር የሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱንም ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ባርድና ቴነን የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ ከአሳማ አንጎል ሌላ ፋክተር ለይተው አወጡ፤ ስሙ ቢዲኤንኤፍ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስትሮክ እንምጣ። አብዛኛው ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ደም የተቋረጠበት ቦታ መሐሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ዙሪያው ግን ትንሽ ደም ከጎረቤት ሥሮች እየደረሰው ለሰዓታት በሞትና በሕይወት መካከል ይቆያል። የእኛ ሙያ ሰዎች ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ለእነዚያ ለሚያጣጥሩት ሕዋሳት «አትሙቱ» የሚለውን መልእክት በመርፌ እንላክላቸው።

በአይጥ ላይ ይሠራል። እኔ ራሴ አይቻለሁ። ፋክተሩን ያገኘችው አይጥ የሞተው የአንጎሏ ክፍል ያንሳል፤ የደከመው እግሯም ቶሎ ይበረታል። ያንን ያየ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

በሰው ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ኤፍጂኤፍ የሚባለው ፋክተር በአውሮፓና በአውስትራሊያ 286 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ሙከራው ሳያልቅ ቆመ። መድኃኒቱ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ደም ለተጠማ አንጎል ደግሞ ይህ አይበጅም። ለደም ማነስ የሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 በ40 ሕመምተኞች ላይ መልካም ውጤት አሳየ፤ ደስታው ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን 522 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሙከራ ውጤት ወጣ። መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶ 16 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካላገኙት የሞቱት 9 ነበሩ። ጂሲኤስኤፍ የሚባለውም በ328 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥቅም እንዳላስገኘ ተነገረ።

ለምን? አንደኛ፣ እነዚህ ትልልቅ ፕሮቲኖች ናቸው፤ አንጎል ደግሞ ከደም የሚገባውን የሚያጣራ አጥር አለው። ክንድ ላይ የተወጋው አብዛኛው አንጎል አይደርስም። ሁለተኛ፣ የቤተ ሙከራ አይጥ ወጣትና ጤነኛ ናት፤ መቼ እንደታመመች በደቂቃ ይታወቃል። ስትሮክ የሚመታው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ግፊትና ስኳር ያለበት፣ ሐኪም ዘንድም ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ፋክተር ብዙ ሥራ አለው። አዲስ የደም ሥር የሚያሳድገው ቪኢጂኤፍ ያለጊዜው ከተሰጠ ሥሮቹን አሳስቶ አንጎልን ሊያሳብጥ ይችላል።

እንግዲህ የተጠየቅኩትን ልመልስ። ስትሮክን የሚያድን ተብሎ በሰው ላይ የተረጋገጠ የእድገት ፋክተር መርፌ ዛሬ የለም። ምርምሩ አልቆመም፤ ፕሮቲኑን በአፍንጫ በኩል ለማድረስ የሚሞክሩ አሉ፣ አንድ ቀን ይሳካ ይሆናል። ነገር ግን በሙከራ ላይ ያለን ነገር ለሕመምተኛ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ተስፋን እየቸረቸረ ነው። ለዚያ መዋጮ አናድርግ።

ታዲያ ወንድማችንን ዝም እንበለው? በፍጹም! ቢዲኤንኤፍን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። አንጎል ይህን ፋክተር ራሱ ይሠራል፤ አይጥ ስትሮጥ በአንጎሏ ውስጥ ይጨምራል። ስትሮክ የመታት አይጥ በልምምድ እጇን መጠቀም ትማራለች፤ ቢዲኤንኤፍ እንዳይሠራ ሲታገድባት ግን ልምምዱ ብዙም አይጠቅማትም። በሰው ላይም ፊዚዮቴራፒና የንግግር ልምምድ እንደሚረዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚሁ ከተማ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለመመላለሻ ትራንስፖርትና ለመድኃኒቱ ይዋል። ሰው ያለን ደግሞ በተራ እየሄድን አብረነው እንራመድ። መውደቅ እንዳይኖር መጀመሪያ ባለሙያው እንዴት እንደምንደግፈው ያሳየን።

ለሌሎቻችንም ሁለት ነገር ልበልና ልጨርስ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በትልቅ ስትሮክ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው መመሪያ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በየሆስፒታሉ ስለማይገኝም የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የአንድ ሰው ፊት ከተጣመመ፣ አንዱ ክንዱ አልነሳ ካለው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ ስትፈልጉ፣ ወይም «ይተኛና ይለቀዋል» ስትሉ ሰዓቱ እንዳያልፍ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ሕመሙ የደም መፍሰስም ሊሆን ስለሚችል ከምርመራው በፊት አስፕሪን አትስጡት።

ሁለተኛው ደም ግፊት ነው። ስትሮክን ከሚያመጡት ሁሉ ዋናው እሱ ነው፤ ሕመም ስለማያሰማ ግን «ደህና ነኝ» እያልን እንቀመጣለን። መድኃኒቱ ከማንኛውም የእድገት ፋክተር ይረክሳል፤ አንጎልን መጠበቁም በሰው ላይ ተረጋግጧል። በአዳራሹ መውጫ ላይ የጤና ሙያ ያላችሁ የባቻችን ልጆች የግፊት መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ቡና ከመቅረቡ በፊት ሁላችንም ክንዳችንን እንስጣቸው። ታዝዞለት ያቋረጠ ካለም ነገ ሐኪሙ ዘንድ ይመለስ።

 ለከርሞው ጉባኤ ሳንጎድል፣ በጤና ያገናኘን።