የዕጣን ዛፍ አበባ



ካህኑ በጽና የሚያጥነው ዕጣን ከወዴት እንደሚገኝ አስባችሁ ታውቃላችሁን? በመተማ ቆላ፣ በገንዳ ውሃ አገር፣ በደረቅና ድንጋያማ ተረተር ላይ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ሳለ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ነጭና ቀላ ያለ አበባ ያወጣል፤ ዕጣኑን የሚያሸት ሁሉ ግን አበባውን ያየ አይደለም።

ልጡ ለሙጫው የሚቆስለውም በዚያው በበጋ ነው። ቁስሉ ሲበዛ የዛፉ ኃይል ይደክማል፤ አበባው ያንሳል፤ ዘሩም ይመክናል። የበቀለውን ችግኝ ደግሞ ከብትና ሰደድ እሳት ያጠፉታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለብዙ ዓመታት ተተኪ ዛፍ እንዳልበቀለ፣ የዕጣኑም ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገልጿል።

ዕጣን የምትለቅሙ ልጆቻችን ሆይ! በኦሪት ምድር እንኳ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዞላታል። ዛፉን እያፈራረቃችሁ አሳርፉት፤ አበባው ዘር ይያዝ፤ ችግኙም እስኪጠና ድረስ ከብቱን ከልክሉ።