የከብት ደስታን ማን አጠፋው?



ክፉ ቀን ሲባል ሰምታችኋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት ደስታ የሚባል በሽታ በሬዎቻችንን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ መሬቱ ጦም አደረ፤ ሕዝብ በረሃብ አለቀ።

ዛሬ ይህ በሽታ የለም። ማን አጠፋው? አንድ ሊቅ ብቻውን አይደለም። የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ሙቀት የሚችል ክትባት ሠሩ። የበሽታ አጥኚዎች መንገዱን ተከታተሉ። በ1980ዎቹ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደሮች ሠልጥነው፣ መኪና በማይገባበት በረሃ ከብቱን ከተቡ። መንጋው የት እንደሚውል ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

እናንተም ከብት ሲታመም ያያችሁትን ለእንስሳት ሐኪሙ ንገሩት፤ የክትባቱንም ቀን ጻፉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።