የአባባ ዳዊት

ዛሬ ሰኞ ነው፤ አባባ ቢኖሩ ይሄኔ ሠላሳኛው መዝሙር ላይ ደርሰዋል። ዳዊት ደጋሚዎች 150ውን መዝሙር በቀን ይከፍሉታል፦ የሰኞ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ ያልቃል። እሑድ የነቢያት ጸሎት ነው።

«ጸልዩ» ብለው ተቆጥተውን አያውቁም። የዳዊቱ ማኅደር ከግድግዳው ሲወርድ እንነቃ ነበር፤ ግእዙን ሳንረዳው ከድምፃቸው ለቅመን በቃላችን ያዝነው። የገጾቹ ጠርዝ በጣታቸው ወዝ ጠቁሯል።

ከተዝካራቸው በኋላ ዘመድ ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ ሲመክር፣ ታናሽ እህቴ ዳዊቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደችው። ማንም አልተከራከራትም። እኔ ብወስደው ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከሁላችን ማልዳ የምትነሣው እሷ ናት። አሁን ንጋት ላይ ትደግማለች፣ ልጆቿም «እማዬ፣ ቀስ በይ!» እያሉ ብርድ ልብሱን ይከናነባሉ።